እንዳይመለስ የተገዘተው አለነ

ጎንደር ውስጥ ከአለነ የበለጠ ፈሪ ሰው ካለ፣ የሆነ ቦታ ተደብቆ ይሆናል እንጂ እኛ አላየነውም።

አለነ ልብስ ሰፊ ነው። ጣሊያን ወጥቶ መንገዱና ቡና ቤቱ ለእኛ በቀረበት ዘመን፣ አራዳ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ የስፌት ማኪናውን ተክሎ ሱሪና እጀ ጠባብ ይሰፋ ነበር። እጁ የተባረከ ነው፤ እሱ የሰፋው ሱሪ ለባሹ አርጅቶ ይሞታል እንጂ ሱሪው አይቀደድም ይሉታል። ችግሩ እግሩ ነው። የአለነ እግር ከመሄድ ይልቅ መመለስ ይወዳል። ወደ ገበያ ሲወጣ መንገድ ላይ ውሻ ቆሞ ካየ ይመለሳል። ውሻው ተኝቶ ከሆነ፣ ሊነሣ ነው ብሎ ይመለሳል። ውሻው ከነጭራሹ ከሌለ ደግሞ «ምነው የለም? የት አድፍጦ ይሆን?» ብሎ ይመለሳል። አንድ ቀን ለጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄዶ በር ላይ ዘበኛው ሲያስነጥስ ተመልሷል። ዘበኛው እስከ ዛሬ «ይማርህ ሳይለኝ የሄደ ልብስ ሰፊ» እያለ ያማዋል።

ሐረገወይንን ያገባውም በራሱ ጉብዝና አይደለም። ሊያስጠይቃት ሽማግሌ ይዞ ይወጣል፤ አጥሯ ሥር ሲደርስ ሽማግሌዎቹን እዚያው ትቶ ይመለሳል። መላልሶ እንዲህ ሲያደርግ አባትዋ ተሰላቹና «እሱ እስኪደርስ ልጄ ልትመነኩስብኝ ነው» ብለው ሽማግሌ የላኩበት እሳቸው ሆኑ። የሴት ወገን ሽማግሌ ሲልክ በአገራችን ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። አለነ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አይቶ በጓሮ ወጣ። ከጌሾው ሥር ፈልገው አገኙትና እንደተንበረከከ «እሺ» አስባሉት።

ይህን ሁሉ ቡና ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስንስቅበት ኖረናል። የማንስቅበት አንድ ነገር ግን ነበር።

ሐረገወይን የመጀመሪያ ልጇን ያማጠችው በሐምሌ ነው። ቀን ነበር፤ ዝናቡ ግን ሰማይና ምድሩን አንድ አድርጎታል። አዋላጇ እመት ወለተሩፋኤል የሚኖሩት ከቀሃ ወንዝ ማዶ ነው፤ አለነ እሳቸውን እንዲጠራ ተላከ። አፋፉ ላይ ሲደርስ ቀሃ ደፍርሶ፣ ግንድ እየገፋ፣ እንደ በሬ እያገሣ አገኘው። በድልድዩ ልዙር ቢል ድልድዩ ሩቅ ነው፤ ደግሞም ወንዙ ድልድዩን ይዞት ቢሄድስ? ተመለሰ። በእሱ ፈንታ ጎረቤት ተልኮ እመት ወለተሩፋኤል በበቅሏቸው ሲደርሱ ልጁ ተወልዶ ነበር፤ ድምፅ ግን አላሰማም። ቀደም ብለው ቢደርሱ ይተርፍ ነበር ወይ? ማንም አያውቅም። አለነን ውስጥ ውስጡን የበላውም ይኸው ማንም አለማወቁ ነው። ሐረገወይን አንድም ቀን አላነሣችበትም። ብታነሣበት ይሻለው ነበር።

ስለዚህ ዳግመኛ ማርገዟን በነገረችው ቀን አለነ ደስ ከማለቱ በፊት ተንቀጠቀጠ። በማግስቱ ሥራውን ትቶ ቡና ቤት መጣና መምህር ማሩ አጠገብ ተቀመጠ።

መምህር ማሩ አዲስ አበባ ኮርስ ወስዶ የተመለሰ አስተማሪ ነው። ክራባቱን ሲተኛም አያወልቅም ይባላል። ራስን ስለ ማሻሻል የማያውቀው ነገር አልነበረም።

«ሰው ለሕይወቱ ዕቅድ ሊኖረው ይገባል!» ይላል ማኪያቶውን እያማሰለ።

«መምህር፣ እኔም ዕቅድ እፈልጋለሁ» አለ አለነ።

«ሸጋ! ምንህን ማሻሻል ትፈልጋለህ?»

«መመለሴን።»

«ከየት መመለስህን?»

«ከሁሉም።»

መምህር ማሩ ወረቀት አውጥቶ ጻፈለት፦ ማለዳ ተነሥቶ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ ደረት ነፍቶ መተንፈስ፣ በየቀኑ አንድ የሚያስፈራ ነገር መጋፈጥ። አለነ ወረቀቱን ከስፌት ማኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበ፤ ጉንፋን ያዘው። ደረቱን ነፋ፤ የሸሚዙ ቁልፍ ተፈናጥሮ ደንበኛ መታ። የሚያስፈራ ነገር ሊጋፈጥ ወጣ፤ ውሻ አየ፤ ተመለሰ። ወረቀቱ ግን እንደተለጠፈ ነው።

«ወረቀት አያስፈራም» አለን በኋላ። «እኔን የሚያስኬደኝ፣ ከፊቴ ካለው ነገር የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ከኋላዬ ሲቆም ነው።»

እኛ ሳቅን። እሱ አልሳቀም፤ ከኋላው የሚቆምለትን ነገር ፍለጋ ወደ ነፍስ አባቱ ሄደ።

የነፍስ አባቱ አባ ሐብተ ማርያም ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ዋልድባ ገዳም ገብቼ እመነኩሳለሁ ሲሉ ኖረዋል። «ለመጪው ኅዳር እሄዳለሁ» ይላሉ። ኅዳር ይመጣል፤ «ብርዱ ይለፍ» ይላሉ። ብርዱ ያልፋል፤ «ጾሙ ይግባ» ይላሉ። የስንቅ ስልቻቸው ከበሩ ኋላ ከመሰቀሉ ብዛት አይጥ ከነልጅ ልጆቿ ርስት አድርጋዋለች።

አለነ ከእግራቸው ሥር ወደቀ።

«አባቴ፣ ይገዝቱኝ።»

«ከምን ልገዝትህ? ከመጠጥ?»

«አልጠጣም። ስካር ያስፈራኛል።»

«ከሴት?»

«እሱማ ይበልጥ ያስፈራኛል።»

«ታዲያ ከምን?»

«ከመመለስ። ለጉዳይ ወጥቼ ጉዳዬን ሳላደርስ ፈርቼ ብመለስ ግዝት ይሁንብኝ።»

ግዝት ቀልድ አይደለም። ካህን በሥልጣኑ «ይህን እንዳታደርግ» ብሎ ያሰረው ሰው እስሩን ከጣሰ ቁርባን የለውም፤ ቢሞት ፍትሐት የለውም፤ በረከት ከቤቱ ይወጣል። ያሰረው ካህን ካልፈታው ደግሞ ሌላ ቄስ አይደፍረውም። በእኛ አገር ጥይት የማይበግረው ሽፍታ እንኳ ግዝት ሲጠራበት ጆሮውን ይዞ ይሮጣል።

«ልጄ፣ ግዝት የጫማ ክር አይደለም፤ ስትፈልግ አስረህ ስትፈልግ አትፈታውም» አሉ አባ። «መምህሩ የጻፈልህ ወረቀት አይበቃህም?»

«ወረቀቱን ልቀደው እችላለሁ። የአንቱን ቃል ግን ማን ይቀደዋል?» አለና ማልቀስ ጀመረ። «ሐረገወይን ወሯ እየገፋ ነው፣ አባቴ።»

አባ የመጀመሪያውን ልጅ ነገር ያውቃሉ። መስቀላቸውን አነሡ። «በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቼሃለሁ» አሉት።

በነጋታው አለነ ከዚያው ውሻ ጋር ተገናኘ። ውሻው ቆመ። አለነም ቆመ። መሄድ ያስፈራዋል፤ መመለስ ግዝት ነው። ፀሐይ ከራሳቸው በላይ ወጥታ ዘቅዘቅ እስክትል ተፋጠው ቆሙ። በመጨረሻ የሰለቸው ውሻው ነው።

ከዚያ የበረንዳውን ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ አንድ ሹም ገባ። ሹሙ «ነገ ና» አሉት። ሌላ ሰው ቢሆን ነገ ይመጣል። አለነ ግን ፈርቼ ነው ወይስ ታዝዤ ነው የምመለሰው የሚለውን መለየት አቃተውና እየተንቀጠቀጠ ባለበት ቀረ። ሹሙ ምሳቸውን በልተው ሲመጡ እዚያው ነው። «ይህ ሰው ማንን ተማምኖ ነው?» ብለው ሹሙ ራሳቸው ፈሩ፤ ፈረሙለት።

ጎንደር ጉድ አለ። በዕድሜ የሚበልጡት ሰዎች «አያ አለነ» ይሉት ጀመር። እኛም ሲመጣ ወንበር እንለቅለት ነበር። ሰውየው ግን ከቀን ወደ ቀን እየከሳ ሄደ፤ የገዛ ሱሪውን ለራሱ ማጥበብ ያዘ። የእኛ ጀግና ከኋላው የቆመውን ሲሸሽ ነበር ወደ ፊት የሚሄደው።

የአለነ ዝና አባ ሐብተ ማርያምንም ሰላም ነሳቸው። «አለነ እንኳ ከሄደ!» ብለው ስልቻውን ከበሩ ኋላ አወረዱ፣ አራገፉ፣ አይጧን ተሰናበቱና ወደ ዋልድባ ተነሡ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ በእልልታ ሸኛቸው።

አሁን ከጎንደር ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ ትክል ድንጋይ እንሂድ። የሐረገወይን ወንድም አድማሴ እዚያ ያርሳል። በሬው ድንበር አልፎ ጋጠ በሚል ከጎረቤቱ ከአያ ነጋ ጋር ተጣልቶ ነበር። አያ ነጋ «ከአድማሴ ወገን የሚመጣውን በጠመንጃዬ ነው የምቀበለው» ብሏል ተባለ። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ አስታራቂ ሲመርጥ ጣቱን ሁሉ ወደ አለነ ቀሰረ።

«እንዲህ ያለ ወንድ እያለን ማንን እንልካለን?»

ሐረገወይን ብቻ «ተዉት፣ እባካችሁ» አለች። ማን ይስማት።

ከጥቂት ሽማግሌዎች ጋር ተነሥቶ ወጣ። አለነ ከሽማግሌዎቹ ፊት ፊት ይሄዳል፤ ኋላ መቅረት ይበልጥ ስለሚያስፈራው ነው። የአያ ነጋ ማሳ ከሚታይበት ጋራ ሲደርሱ ጥይት ጮኸ። አንዲት ጥይት ናት፤ አለነ ግን የሰማው የጦር ሠራዊት ነው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ራሱም አያውቀውም። ልቡ ሲመለስለት ጎንደር ነበር፤ ጋቢው ትክል ድንጋይ እሾህ ላይ ቀርቷል፣ አንድ እግር ጫማው የት እንደወደቀ አይታወቅም። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ እየሳቁ መጡ። አያ ነጋ የተኮሰው በቆሎው ላይ በወረደ ዝንጀሮ ነበር። ሰውየው በጠላ ተቀብሏቸው፣ ከአድማሴ ጋር ይቅር ተባብሎ፣ የአለነንም ጋቢ አሳጥቦ ልኮለታል።

ሁሉም ሳቀ። አለነ ጋቢውን ተቀበለ፤ ግን አልለበሰውም። ግዝቱን ጥሷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአለነ ቤት ተራ ነገር የሚባል ጠፋ። መርፌ ሲሰበር «ጀመረ» ይላል። ወተት ሲፈስ «ቀረበ» ይላል። ሐረገወይን ሆዷን ይዛ «ረገጠኝ» ስትል ላብ ያጠምቀዋል፤ ሳትል ስትቀር ደግሞ «ምነው አልረገጠም?» ብሎ ይነሣል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ተሳልሞ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ልጅ የወሰደው ፍርሃቱ ነበር፤ ሁለተኛውን፣ ከነእናቱ፣ ግዝቱ ሊወስድበት መሆኑን አንዳች አልተጠራጠረም።

በአባ ቦታ ወደ ተተኩት ቄስ ሄደ።

«አንቱ ይፍቱኝ።»

«ማን ነው የገዘተህ?»

«አባ ሐብተ ማርያም።»

«የሳቸውን ቋጠሮ እኔ አልነካም። የገዘተህ ይፍታህ።»

«እሳቸው እኮ ዋልድባ ናቸው!»

«ታዲያ ዋልድባ ጨረቃ ላይ ነው?»

ለአለነስ ጨረቃ ይሻለው ነበር፤ ጨረቃ ለመሄድ ሊማሊሞን መውረድ የለም። ወደ ዋልድባ የሚያስኬደው መንገድ ግን በሊማሊሞ ወርዶ ዛሪማ ያደርሳል። ያን ገደል ጣሊያን ፈልፍሎ መንገድ ሲያወጣበት እንዲህ አድርጎ ጠምዝዞታል ይባላል፦ ሾፌሩ መሪውን ሲያጥፍ የገዛ ማኪናውን ኋላ ከታች ያየዋል።

ለሐረገወይን ሁሉንም ነገራት።

«አውቄያለሁ» አለች። «ጋቢህን መልበስ ስትተው ነው ያወቅሁት።»

«ልሂድ ብል ምጥሽ ይመጣል። ልቅር ብል ደግሞ...»

«ሂድ።»

«ብትወልጂስ?»

«ብወልድ ወለድኩ። አለነ፣ አሁን የምታየኝ እንደ ሞተች ሴት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ሂድና ዓይንህን አስፈትተህ ና።»

በመስከረም ጉም ውስጥ፣ አላምረው በሚባል ሾፌር የጭነት ማኪና፣ በኑግ ጆንያዎች ላይ ተጭኖ ሄደ። አጠገቡ እናኑ የምትባል ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ተቀምጣለች፤ ለዛሪማ ገበያ ነው የምትወርደው። ደባርቅን አልፈው ከቁልቁለቱ አፋፍ ሲቆሙ አለነ ወደ ሾፌሩ መስኮት ጎንበስ አለ።

«አላምረው፣ ወንድሜ፣ ፍሬኑ ደኅና ነው?»

«የትኛው ፍሬን?» አለ አላምረው።

እናኑ በሳቅ ፈረሰች። ማኪናው ወደ ጉሙ አፍንጫውን ደፋ።

«እናኑ፣ ከታች ምን ይታይሻል?» አለ አለነ ዓይኑን ጨፍኖ።

«ጉም።»

«ከጉሙ ሥርስ?»

«ገደሉ ነዋ።»

«ምነው ዋሽተሽ ብትነግሪኝ!»

«ወራጅ አለ» የሚለው ቃል ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር። ግን መውረድ መመለስ ነው፤ አንዱን ጥሰት ሊያስፈታ እየሄደ ሁለተኛ ሊጨምርበት ነው። ራሱን ከጆንያዎቹ መካከል ቀብሮ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገመ። ጸሎቱ ሲያልቅበት የደንበኞቹን ልክ መድገም ጀመረ፤ የዚህን ወገብ፣ የዚያን ትከሻ፣ የመምህር ማሩን አንገት። አንድ ጠመዝማዛ ላይ የኋላው ጎማ ጠርዙን ነካ። ትልቅ ድንጋይ ተናደና ወደ ጉሙ ሄደ። ሲያርፍ ግን አልተሰማም። እናኑ ሳቋን አቆመች። አላምረው ዘፈኑን አቆመ። አለነ ሌላው ሰውም እንደሚፈራ ያን ጊዜ ገና አየ። ይህም ምንም አላጽናናውም።

«እሱም የሚፈራ ከሆነማ አለቅን» አለ።

አላለቁም። ዛሪማ ሲደርሱ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበላቸው። አለነ ወርዶ ወደ ገዳሙ የሚወስደውን መንገድ የሚነግረው ሰው ሲፈልግ፣ ከገበያው ዳር ካለ ዋርካ ቅርንጫፍ ላይ የሚያውቀው ስልቻ ተንጠልጥሎ አየ። ከስልቻው ሥር አባ ሐብተ ማርያም ተቀምጠው ገበያተኛ ያሳልማሉ።

«አባቴ! ከዋልድባ መቼ ወጡ?»

አባ ቀና ብለው አዩትና ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

«መቼ ገባሁና» አሉ።

እዚህ ድረስ ደኅና መጥተው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰዎች ነገሯቸው። ንዳድ አለ አሏቸው። አንበሳ አለ አሏቸው። ገዳሙ ውስጥ እህል አይቀመስም፤ ቋርፍ የሚሉት የሙዝ ሥር ቅቅል ነው የሚበላው አሏቸው።

«አንበሳውን እንኳ እችለው ነበር። ቋርፉ ነው» አሉ አባ። «ወደ ፊት ፈራሁ። ወደ ኋላ እንዳልመለስ ያ ሁሉ ሰው በእልልታ ሸኝቶኛል፤ አፈርኩ። ይኸው ዋርካ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። አንተን ምን አመጣህ?»

«ተመለስኩ፣ አባቴ።»

ሁሉንም ነገራቸው። ዝንጀሮው ላይ ሲደርስ አባ ሊስቁ ነበር፤ ፊቱን አይተው ተዉት።

«ተንበርከክ» አሉት። መስቀሉን ግንባሩ ላይ አሳረፉ። «እግዚአብሔር ይፍታህ።»

አለነ ዓይኑን እንደጨፈነ ቆየ።

«ተነሣ እንጂ።»

«አለቀ?»

«አለቀ። ምን ጠብቀህ ነበር፣ ነጎድጓድ?»

«ሐረገወይንስ?»

«ልጄ፣ እኔ ያሰርኩት አንተን እንጂ እሷን አይደለም። ምጥ ያለ ግዝትም ያስፈራል። እሱን የምፈታበት መስቀል የለኝም።»

አለነ ተነሥቶ የነበረው ተመልሶ ወደቀ። «እንግዲያው እንደገና ይገዝቱኝ! ቀሃ እንደሞላ ነው። ካልተገዘትኩ እመለሳለሁ፤ እኔ ራሴን አውቀዋለሁ!»

«እንቢ» አሉ አባ። «ገዝቼህ ያየሁት ይበቃኛል፤ አጥንትህ ብቻ ነው የቀረው። ይልቅ ወደ ጎንደር የሚወጣው ማኪና ጭኖ እስኪጨርስ እስከ ገዳሙ ወንዝ ሸኘኝ። ብቻዬን ከሆንኩ ዋርካው ሥር ክረምቱም በጋውም ያልፍብኛል።»

አለነ ወደ ማኪናው አየ፣ ወደ አባ አየ። ሐረገወይንን አሰበ። ከዚያ ስልቻውን ከቅርንጫፉ አወረደ።

ሁለቱ ሰዎች እጅጌ ለእጅጌ ተያይዘው ቁልቁል ወረዱ። አንዱ ሌላውን እየደገፈ ይሁን እየጎተተ ለይቶ መናገር ያስቸግራል።

«አባቴ፣ ቁጥቋጦው ተንቀሳቀሰ።»

«አይቻለሁ። ዝም ብለህ ሂድ።»

«አንበሳ ቢሆንስ?»

«አንበሳ ከሆነማ መናገርህ ምን ይጠቅመናል?»

ቆቅ ነበረች፤ ስትነሣ ሁለቱም መሬት ላይ ተቀመጡ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ከማዶ አንድ መነኩሴ በትሩን ተደግፎ ቆሟል። አባ ሐብተ ማርያም ስልቻውን ለአለነ አሸከሙት። «በሶ ነው፤ ማዶ እህል አይገባም። ለሐረገወይን አራስነት ይሁናት» አሉ። ከዚያ ልብሳቸውን ሰብስበው ውኃው ውስጥ ገቡ። እስከ ማዶ አልዞሩም። ቢዞሩ ይመለሱ እንደነበር አለነ ከማንም በላይ ያውቃል።

የሊማሊሞን ሽቅብ አለነ ዓይኑን ገልጦ ነው የወጣው ብንል ውሸት ይሆንብናል። ጨፍኖ ወጣ። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ቤቱ ሲደርስ ደጁ ላይ ጎረቤት ሴቶች ቆመዋል። እየገፋቸው ገባ። ሐረገወይን ግን በሕይወት አለች፤ የቤቱን ምሰሶ አቅፋ ቆማለች፤ ላቧ ይንጠባጠባል።

«ተፈታህ?» አለችው ጥርሷን ነክሳ።

«ተፈታሁ።»

«ሸጋ። ቀሃ ግን ሞልቷል።»

ሌላ ቃል አልጨመረችም። አንዷ ጎረቤት «እሱ ከመንገድ ነው የመጣ፤ የእኔ ባል ሄዶ እመትን ይጥራ» አለች። ለአለነ ከዚህ የበለጠ የማምለጫ በር ተከፍቶለት አያውቅም። ስልቻውን አስቀምጦ ወጣ።

ያው አፋፍ፣ ያው የደፈረሰ ውኃ፣ ያው ድምፅ። ልዩነቱ፣ ዛሬ ከኋላው ማንም አልቆመም። ግዝቱ ተፈትቷል፤ ወረቀቱ ከወደቀ ቆይቷል፤ አባም ከገዳሙ ወንዝ ማዶ ናቸው። ቢመለስ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ተመለሰ። እውነቱን እንናገር፤ ተመለሰ። ዳገቱን እስከ ወይራው ወጣ። ወይራው ሥር ቆሞ ከቤቱ በኩል አንዳች ነገር ይሰማ እንደሆነ ጆሮውን ጣለ። ዝም ብሏል። ሩቅ ስለሆነ ነው ዝም ያለው፤ አለነ ግን ያን ዝምታ በዚያ ሐምሌ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ሰምቶታል። ቀሃ ቢያገሣ ቢያገሣ እንደዚያ ዝምታ አያስፈራም።

ዞረ። ቁልቁል ሮጦ ገባበት።

ውኃው ጉልበቱን አልፎ ወገቡን፣ ወገቡን አልፎ ደረቱን ያዘው። መሐል ላይ እግሩ ድንጋይ ለቀቀ፤ ቀሃ ጠቅልሎ ወደ ታች ወሰደው፤ የሾላ ሥር ይዞ ተነሣ። ሲሻገር ያሰማው ጩኸት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ድረስ ተሰምቶ ደውል ተደወለ የሚሉ አሉ። ማዶ ሣር የሚያጭዱ ሰዎች «ቀሃ ሰው በላ!» ብለው ሲሮጡ ቢደርሱ፣ አንድ ጭቃ የለበሰ ሰው ዳር ላይ ቆሞ ወንዙን ከነዘሩ ይሳደባል።

እመት ወለተሩፋኤል ደጃቸው ላይ ሲያዩት አማተቡ።

«ምነው፣ አንተ እብድ! በድልድዩ አትመጣም?»

«በድልድዩ ብዞር ማሰቢያ ጊዜ አገኝ ነበር፣ እመት።»

እሳቸውን ግን በበቅሏቸው ጭኖ በድልድዩ ነው የወሰዳቸው። ልጓሙን ይዞ ከፊት እየሮጠ ጎተተ። ያቺ በቅሎ ከዚያ ቀን በኋላ አለነን ባየች ቁጥር ጆሮዋን ትጥላለች።

እመት ወለተሩፋኤል ገቡ። በሩ ተዘጋ። አለነ ከጣራው ክፈፍ ሥር ቆመ፤ ልብሱ ላዩ ላይ ደርቆ የጭቃ ቅርፊት ሆነ። የሐረገወይን ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ ድምፁ ቀረ። ዝም አለ። አለነ ግድግዳውን በሁለት እጁ ያዘ። ዝም እንዳለ ነው። ትንፋሹን ዋጠ። ጎረቤቶቹም አይተነፍሱም። ጎንደር በሙሉ፣ ውሻው ሳይቀር፣ ዝም ያለ መሰለው።

ከዚያ ከውስጥ ቀጭን ጩኸት ተነሣ፤ ከዚያም ሲበረታ ሲበረታ ሄዶ ግድግዳውን አልፎ ወጣ። አለነ ደንግጦ ሮጠ። ሰዎች ሲፈልጉት ጓሮ፣ ያው ጌሾ ሥር ተንበርክኮ አገኙት።

ይዘው አስገቡት። ሐረገወይን ፊቷ እንደ ጨርቅ ነጥቷል፤ ደረቷ ላይ አንዲት ቀይ ልጅ በጋቢ ተጠቅልላ ታለቅሳለች። ጋቢው ያ አያ ነጋ ያሳጠበው ነው።

«ምነው ሮጥክ?» አለችው።

«ጮኸች» አለ አለነ።

«እንድትጮህ አይደል እንዴ እስከ ዛሪማ የሄድከው?»